ምዕራፍ ስድስት፦ የማያርፍ ሽፋን

የሕዋስን ሽፋን በስዕል ያላየ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ክብ ራስና ሁለት ጭራ ያላቸው ትንንሽ ቅርጾች፣ ሊፒድ የሚባሉት የቅባት ሞለኪውሎች፣ በሁለት ረድፍ ተሰልፈዋል፤ ራሳቸው ወደ ውሃው፣ ጭራቸው ወደ መሃል። በመካከላቸው እዚህም እዚያም ፕሮቲኖች ተሰክተዋል። ስዕሉ በማስረጃ የቆመ ነው። ሆላንዳውያኑ ጎርተርና ግሬንደል እ.ኤ.አ. በ1925 ከቀይ የደም ሕዋሳት ያወጡትን ቅባት በውሃ ላይ ዘርግተው ሲለኩት ስፋቱ ከሕዋሳቱ ገጽ እጥፍ ገደማ ሆነ፤ ሽፋኑ ባለ ሁለት ንጣፍ ነው የሚለው ሐሳብ ከዚያ መጣ። ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ሁለት መቶ ሺህ ሽፋን ቢደራረብ አንድ ሚሊሜትር ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ ሲንገርና ኒኮልሰን ሽፋኑ ፈሳሽ መሆኑን አጉልተው አሳዩ፦ ሞለኪውሎቹ በየንጣፋቸው ላይ ይንሸራሸራሉ፣ አንድ ሊፒድ ከጎረቤቱ ጋር በሰከንድ አሥር ሚሊዮን ጊዜ ያህል ቦታ ይለዋወጣል። ወረቀት ይህን ማሳየት አይችልም። በስዕሉ ላይ የተሰለፈው ሊፒድ እንደተሰለፈ ይቀራል፣ አንባቢም ሽፋኑን እንደ ግድግዳ ማሰብ ይለምዳል። በዚህ ምዕራፍ የምሟገተው ከዚህ ልማድ ጋር ነው። ሽፋኑ የሚያሳልፈውንና የሚከለክለውን የሚወስነው ቅርጹ ብቻ አይደለም፤ እንቅስቃሴው ጭምር ነው። ያን እንቅስቃሴ ሳይደባለቅ ለማየት ደግሞ ከእንቅስቃሴው ራሱ የሚያጥር ብርሃን ያስፈልጋል።

ከሁሉ ፈጣኑ እንቅስቃሴ ንዝረት ነው። በሞለኪውል ውስጥ አተምን ከአተም የሚያያይዘው ትስስር ግትር አይደለም፤ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል፣ ይታጠፋል። እያንዳንዱ ትስስር የሚንቀጠቀጥበት የራሱ ድግግሞሽ አለው፤ ድግግሞሹን የሚወስኑትም የትስስሩ ጥንካሬና የተያያዙት አተሞች ክብደት ናቸው። ክራር የሚቃኝ ሰው ይህን በጣቱ ያውቀዋል፤ ጅማቱ ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል፣ ከባድ ጅማት ደግሞ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። በሊፒድ ጭራ ውስጥ ካርቦንና ሃይድሮጅን የተያያዙበት ትስስር በሰከንድ 85 ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል። አንዱ ውዝዋዜ 12 ፌምቶሰከንድ አይሞላም፤ ፌምቶሰከንድ ማለት አንድ ሰከንድ ለሚሊዮን ቢሊዮን ሲከፈል የሚገኘው ነው። ጭራው ከሊፒዱ ራስ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ካርቦንና ኦክስጅንን በድርብ ያያያዘው ትስስር፣ ካርቦኒል የሚባለው፣ ከዚህ ዘገም ይላል፤ በሰከንድ 52 ትሪሊዮን ጊዜ ያህል። የሙያው ሰዎች እነዚህን ትልልቅ ቁጥሮች ከመጻፍ ይልቅ፣ በዚያው ድግግሞሽ የሚርገበገበው ብርሃን በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ሞገድ እንደሚኖረው ይቆጥራሉ፤ ለመጀመሪያው 2850፣ ለሁለተኛው 1735 ገደማ ይመጣል። ከዚህ በኋላ የምጠቀመው ይህንኑ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ቋሚ ቢሆን ኖሮ የሞለኪውሉን ማንነት ከመናገር አያልፍም ነበር። ለምርምሩ ዋጋ የሚሰጠው ግን ከአካባቢው ጋር የሚያሳየው ትንሽ ለውጥ ነው። ዲፒፒሲ የተባለውን፣ በቤተ ሙከራ በብዛት የሚሠራበትን ሊፒድ ቀስ እያልን ብናሞቀው በ41 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ጭራዎቹ ይቀልጣሉ፤ ቀጥ ብለው የቆሙት ይጣመማሉ፣ ይላላሉ። በዚያው ቅጽበት 2850 የነበረው ቁጥር ሁለት ሦስት ከፍ ይላል። ካርቦኒሉ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይናገራል፤ የተቀመጠበት ቦታ ቅባቱ አልቆ ውሃው የሚጀምርበት ወሰን ነውና። የውሃ ሞለኪውል ሃይድሮጅኑን ወደ ካርቦኒሉ ኦክስጅን ሲያስጠጋ ኦክስጅኑን ወደ ራሱ ይስበዋል፣ ድርቡ ትስስር ትንሽ ይላላል፣ ቁጥሩም ከ1740 አካባቢ ወደ 1725 አካባቢ ይወርዳል። እንግዲህ አንድ ሞለኪውል ሁለት ምስክር ይዞልናል፦ አንዱ የሽፋኑ መሃል ጠጣር ነው ወይስ ፈሳሽ ብለን ስንጠይቀው፣ ሌላው ውሃው እስከ የት ገብቷል ስንለው መልስ ይሰጣል። ለዚህ ምስክርነት የውጭ ማቅለሚያ አያስፈልግም። በሕዋስ ጥናት የሚለመዱት የሚያበሩ ማቅለሚያዎች ብዙውን ጊዜ መጠናቸው ከሊፒዱ ራስ ጋር የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ሞለኪውል የተጣበቀበት ሊፒድ እንደ ጓደኞቹ ይንቀሳቀሳል ብሎ መገመት ድፍረት ይጠይቃል። ንዝረቱ ግን የሊፒዱ የራሱ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። የኢንፍራሬድ ብርሃን የሚለኩ ተራ መሣሪያዎች እነዚህን ቁጥሮች ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲያነቡ ኖረዋል፤ ታዲያ ውድና ውስብስብ ሌዘር ምን ሊጨምር ነው? ሕዋስ የሚኖረው በሚሊሰከንድና በሰከንድ፣ አልፎም በሰዓታት ነው፤ የፌምቶሰከንድ ጉዳይ ለሕይወት ምኑ ነው? ተቃውሞው ተገቢ ነው፣ መልሱም ፍጥነትን ከማድነቅ የሚመጣ አይደለም። ተራው መሣሪያ የካርቦኒሉን ንዝረት ሲያነብ የሚያገኘው ስለታም መስመር ሳይሆን ሰፊ ጉብታ ነው፤ ከ1700 በላይ ጀምሮ እስከ 1750 ድረስ የተንጣለለ። ጉብታው ለምን ሰፋ? አንዱ ምክንያት ካርቦኒሎቹ የተለያየ ኑሮ ስላላቸው ሊሆን ይችላል፦ ገሚሶቹ ውሃ ይዘው፣ ገሚሶቹ ደርቀው፣ እያንዳንዱ በያዘው ሁኔታ ረጅም ጊዜ እየቆየ። ሌላው ምክንያት ሁሉም ያው ሆነው፣ እያንዳንዱ በየቅጽበቱ ውሃ እየያዘና እየለቀቀ ስለሚለዋወጥ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ ሽፋኖች ናቸው። በመጀመሪያው ውሃው የማይደርስባቸው ደረቅ ቦታዎች አሉ፤ በሁለተኛው የሉም። ተራው መሣሪያ ግን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጉብታ ሊስል ይችላል፤ ብዙ ቢሊዮን ሞለኪውሎችን በረጅም ጊዜ አማክሎ ነውና የሚያነበው። ስለዚህ ክርክሩ ሕዋሱ ፈጣን ነው ወይስ ዘገምተኛ በሚለው ላይ አይደለም። አማካይ የደበቀውን ለመለየት ከለውጡ ፈጥኖ መጠየቅ ግድ ይላል፣ በዚህ ወሰን ላይ ያለው ለውጥ ደግሞ በፒኮሰከንድ፣ ማለትም በሺህ ፌምቶሰከንድ የሚቆጠር ነው።

ይህን ያህል አጭር የብርሃን ምት ማግኘት ጊዜ ወስዷል። ሜይማን የመጀመሪያውን የሩቢ ሌዘር ያበራው እ.ኤ.አ. ግንቦት 1960 ነው። ሞልተን በ1982 በሳፋየር ውስጥ ቲታኒየም የተጨመረበትን ሌዘር ሠራ፤ ስትሪክላንድና ሙሩ በ1985 አጭር ምትን መሣሪያውን ሳያበላሹ የማጉያ ዘዴ አገኙ፣ ለዚህም በ2018 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የግብፁ ተወላጅ አሕመድ ዘዌል ነው። ዘዌል በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ አንዱ ምት ሞለኪውሉን የሚቀሰቅስበት፣ ሌላው ምት ጥቂት ቆይቶ የደረሰበትን የሚጠይቅበትን ዘዴ በመጠቀም ኬሚካዊ ትስስር ሲበጠስ በጊዜው ተከታተለ፤ የ1999ን የኬሚስትሪ ኖቤል ለብቻው አሸነፈ። በሁለቱ ምቶች መካከል ያለውን ጊዜ የሚለካ የኤሌክትሮኒክስ ሰዓት የለም፤ ሰዓቱ የብርሃን ጉዞ ራሱ ነው። ብርሃን በሰከንድ ሦስት መቶ ሺህ ኪሎሜትር ይጓዛል፣ በ100 ፌምቶሰከንድ ግን 0.03 ሚሊሜትር ብቻ። ስለዚህ ሁለተኛውን ምት በ100 ፌምቶሰከንድ ማዘግየት የፈለገ ተመራማሪ በመንገዱ ላይ ያለውን መስታወት 0.015 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ብርሃኑ ሄዶ ሲመለስ መንገዱ በእጥፍ ይረዝማል። በምድር ላይ ካሉ ፈጣን ክስተቶች አንዱ የሚለካው ቀስ ብሎ በሚንቀሳቀስ መስታወት መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

አጭር ምት ግን ዋጋ ያስከፍላል። ምቱ ባጠረ ቁጥር በውስጡ የሚይዛቸው ድግግሞሾች ይበዛሉ፤ ይህ የመሣሪያ ጉድለት ሳይሆን የሞገድ ሕግ ነው። 100 ፌምቶሰከንድ የሚረዝም ምት 150 ያህል ቁጥሮችን በአንድ ላይ ያቅፋል፣ እኛ ደግሞ 1725ን ከ1740 መለየት እንፈልጋለን። ከዚህ አጣብቂኝ ያወጣው መንገድ ባለ ሁለት ገጽታ የኢንፍራሬድ ስፔክትሮስኮፒ ነው። መሠረቱን እ.ኤ.አ. በ1998 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሃም፣ ሊምና ሆክስትራሰር ጣሉት። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት መልኩ ሁለት ምቶች ይቀድማሉ፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ ጥቂት በጥቂት ይለዋወጣል፣ ከዚያም የመነሻው ድግግሞሽ በስሌት ይገኛል። ቀጥሎ የተወሰነ ጊዜ ይጠበቃል። ከጥበቃው በኋላ የሚመጣው ምት ሞለኪውሉ አሁን በምን ድግግሞሽ እንደሚንቀጠቀጥ ያነባል። ውጤቱ ካርታ ነው፦ በአንዱ ጎን መነሻው፣ በሌላው ጎን መድረሻው። ጥበቃው በጣም አጭር ሲሆን በ1725 የተነሳው በ1725፣ በ1740 የተነሳው በ1740 ይገኛል፤ በካርታው ላይ ያለው ምስል ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ የተለጠጠ ይሆናል። ጥበቃው ሲረዝም ሞለኪውሎቹ ውሃቸውን ይለዋወጣሉ፣ መነሻቸውን ይረሳሉ፣ የተለጠጠው ምስልም እየከበበ ይሄዳል። የሚከብበት ፍጥነት ቀጥታ መልስ ነው። ሳይከብ ከቀረ ካርቦኒሎቹ በያዙት ሁኔታ ይቆያሉ ማለት ነው፤ ቶሎ ከከበበ ደግሞ ይቀያየራሉ። ተራው ጉብታ የሸሸገው ልዩነት እዚህ ይገለጣል። በሽፋን ላይ በተደረጉ ልኬቶች መክበቡ በፒኮሰከንዶች ውስጥ የሚመጣ ሲሆን፣ በወሰኑ ላይ ያለው ውሃ በብርጭቆ ካለው ውሃ ዝግ ብሎ ታይቷል። በኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በካርሎስ ባይዝ የሚመራው ቡድን ይህን ወሰን ሲመረምር ቆይቷል።

ዘዴው ከሊፒዱ አልፎ ሽፋኑን ወደሚያቋርጡት ፕሮቲኖች ሲሄድ ጥያቄው ይከብዳል። የፖታሲየም መተላለፊያ በሰከንድ መቶ ሚሊዮን ያህል አዮኖችን ማሳለፍ ይችላል፣ ከፖታሲየም የሚያንሰውን ሶዲየምን ግን ቢያንስ አሥር ሺህ ጊዜ አሳንሶ ነው የሚያሳልፈው። ሮደሪክ ማኪነን እ.ኤ.አ. በ1998 የመተላለፊያውን ቅርጽ በኤክስ ሬይ አሳይቶ በ2003 ኖቤል አገኘ። ቅርጹ በጠባቡ አንገት ውስጥ አዮን የሚያርፍባቸውን አራት ቦታዎች አሳየ፤ ይሁን እንጂ ክሪስታል የብዙ ሞለኪውሎች አማካይ ነውና በአንድ ቅጽበት የትኞቹ ቦታዎች እንደሚያዙ አይናገርም። አዮኖቹ በመካከላቸው ውሃ አስገብተው ነው የሚያልፉት ወይስ ተጠጋግተው እየተገፋፉ? ይህን የዊስኮንሲኑ ማርቲን ዛኒና ባልደረቦቹ በ2016 በሳይንስ መጽሔት በወጣ ሥራ ሞከሩት። በአንገቱ ላይ ያሉ የተመረጡ ካርቦኒሎችን ካርቦንና ኦክስጅን ከበድ ባሉ አይሶቶፖች ተኩ፤ ሲከብዱ ድግግሞሻቸው ይወርዳል፣ ከሌሎቹ ብዙ ካርቦኒሎች ጫጫታም ተለይተው ይወጣሉ። አዮን ሲጠጋቸው ደግሞ ቁጥራቸው ይለወጣል። ያገኙት ካርታ ውሃና አዮን ከሚፈራረቁበት ሞዴል ጋር ተስማማ።

እዚህ ላይ ከመቸኮል መቆጠብ ይገባል፤ በ2018 በጎቲንገን የሚገኙ ተመራማሪዎች ከሰባት ሺህ በላይ የአዮን መተላለፎችን በኮምፒውተር አስመስለው፣ ውሃ የሌለበት ቀጥተኛ መገፋፋትም ከዚያው ካርታ ጋር እንደሚስማማ ጽፈዋልና። ተቺዎች ይህን ይዘው ዘዴው በኮምፒውተር ሞዴል ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ስለዚህ ያሻህን ያስነብብሃል ይላሉ። የመጀመሪያው ሐረግ እውነት ነው፤ ሁለተኛው አይከተልም። ካርታው ፎቶግራፍ አይደለም፤ ሞዴል ሁሉ ሊያልፈው የሚገባ ፈተና ነው። ከ2016 በፊት ሁለቱ ወገኖች የሚሟገቱት በአማካይ ቅርጾችና በስሌት ነበር፤ ዛሬ እያንዳንዱ ከቅጽበቱ የተገኘ የድግግሞሽ ካርታ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ፈተናው ሁለት ተፈታኞችን ማሳለፉ ሌላ ቦታ ላይ ምልክት አድርጎ መጠየቅን ይፈልጋል እንጂ ፈተናውን አያስጥልም። እኔ በበኩሌ ክርክሩ አለመዘጋቱን የዘዴው ውድቀት አድርጌ አላየውም።

ሌላው ተቃውሞ ብርሃኑ ራሱ ሽፋኑን ይቀቅለዋል የሚል ነው። ቁጥሩን ላየ ሰው ስጋቱ ይገባል፤ አንድ ሚሊዮንኛ ጁል በ100 ፌምቶሰከንድ ውስጥ ሲታጨቅ ኃይሉ አሥር ሚሊዮን ዋት ይደርሳል። ነገር ግን ምቱ በሰከንድ ሺህ ጊዜ ቢመጣ አማካዩ አንድ ሚሊዋት ብቻ ነው፤ ቀሪውን ጊዜ ሁሉ ጨለማ ነው። በተጨማሪ አንድ የኢንፍራሬድ ፎቶን የሚሸከመው ጉልበት የካርቦን ትስስርን ለመበጠስ ከሚያስፈልገው ከአሥር እጥፍ በላይ ያንሳል፤ ያወዛውዛል እንጂ አይሰብርም። ተቃውሞው የሚበረታው በሚታየው ብርሃንና በአቅራቢያው ባለው ክልል በሚሠሩት ማይክሮስኮፖች ላይ ነው፤ እዚያ ብዙ ፎቶኖች በአንድ ላይ ተውጠው ሕያው ሕዋስን ሊጎዱ ይችላሉና የጨረሩን መጠን መወሰን የሥራው ዋና ክፍል ነው።

ንዝረት የሚለው ቃል ከቤተ ሙከራ ውጭ የሚነገድበት ሸቀጥም ሆኗል፤ ሕዋሳትን በትክክለኛው ድግግሞሽ አስተካክሎ በሽታ ይፈውሳል የሚባል መሣሪያ ለሕመምተኞች ይሸጣል። ከላይ ያየናቸው ልኬቶች ለዚህ ግልጽ ምላሽ አላቸው። የክራር ጅማት ከተመታ በኋላ ይጮሃል፤ በውሃ የተከበበ ካርቦኒል ግን የተሰጠውን ጉልበት በአንድ ፒኮሰከንድ ገደማ ለጎረቤቶቹ በትኖ ዝም ይላል። በሽፋን ውስጥ የሚጠራቀም፣ የሚታመም፣ እንደገና የሚቃኝ የትስስር ዜማ የለም። የሌዘር ምቱ እንዲህ ያጠረው ንዝረቱ ሳይጠፋ ለመድረስም ጭምር ነው። ይህን መናገር የሚያስፈልገው ገንዘቡን ለዚያ መሣሪያ የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ ሌላ ተስፋ ያጣ ሰው በመሆኑ ነው።

የቀረው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደኝ ነው። ባለ ሁለት ገጽታው ካርታ በአብዛኛው የሚነሳው ከሕያው ሕዋስ አይደለም። ከአንድ ወይም ከሁለትና ከሦስት ዓይነት ሊፒዶች የተሠሩ ትንንሽ ከረጢቶች በከባድ ውሃ ውስጥ ተበጥብጠው፣ በሁለት የካልሲየም ፍሎራይድ መስኮቶች መካከል ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ ባነሰ ውፍረት ይዘረጋሉ። ተራ ውሃ የማይሆነው ራሱ በ1645 አካባቢ ስለሚንቀጠቀጥና የፕሮቲኖቹን ድምፅ ስለሚውጥ ነው፤ ውፍረቱም የሚቀንሰው ፈሳሹ ኢንፍራሬዱን ውጦ እንዳይጨርሰው ነው። የሕዋስ ሽፋን ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ የሊፒድ ዓይነቶች ይዟል፣ ሁለቱ ንጣፎቹ አይመሳሰሉም፣ ሕዋሱም ያለማቋረጥ ይቀይረዋል። ይህን ክፍተት ቀለል አድርጎ ማለፍ ታማኝነት አይደለም። ክፍተቱን ከሌላው ጫፍ እያጠበበ ያለው በፒኮሰከንድ ምቶች የሚሠራው የራማን ማይክሮስኮፕ ነው። የሁለት ሌዘሮች ልዩነት ከአንድ ትስስር ንዝረት ጋር እንዲገጥም ይደረጋል፣ ያ ትስስር በሚበዛበት ቦታ ምልክቱ ይጎላል። የሃርቫርዱ ሰኒ ሺና ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2008 ይህን በሕያው ሕዋስና ቲሹ ላይ አሳዩ። በ2017 ደግሞ የኮሎምቢያው ዌይ ሚን ቡድን ሃይድሮጅኑ በዲዩቴሪየም፣ ማለትም በከባዱ ሃይድሮጅን፣ የተተካ ፓልሚቲክ አሲድ ለሕዋሳት መገበ፤ ካርቦንና ዲዩቴሪየም በ2100 አካባቢ ይንቀጠቀጣሉ፣ በዚያ ክልል ከሕዋሱ የራሱ ሞለኪውሎች የሚናገር የለም ለማለት ይቻላል። አዲሱ ቅባት በተገነባበት በሕዋሱ የውስጥ ሽፋን ላይ ጠጣር መሰል ቦታዎች ታዩ። በዋናነት በከረጢት ሙከራ ሲታወቅ የነበረው የጠጣርና የፈሳሽ መለያየት በሕያው ሕዋስ ውስጥ፣ ያውም ሕዋሱ ራሱ በሠራው ቅባት ምክንያት መጣ።

ከዚሁ ዘዴ የተወለደ መሣሪያ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ፣ 278 ሕመምተኞችን በያዘ ጥናት፣ ከአንጎል የተቆረጠ ቁራጭ ሳይቀለምና ሳይቀዘቅዝ በሌዘር ይነበብ ነበር፦ በ2845 ቅባቱ፣ በ2930 ፕሮቲኑ። ምስሉን የሚመረምረው የኮምፒውተር ፕሮግራም የዕጢውን ዓይነት ከ150 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሲናገር ትክክለኛነቱ 94.6 በመቶ ሆነ፤ በተለመደው መንገድ የሠሩት ፓቶሎጂስቶች 93.9 በመቶ አገኙ። ይህ መሣሪያ ቅባቱ የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ ይለያል። ቅባቱ በወሰኑ ላይ ከውሃው ጋር በየፒኮሰከንዱ የሚያደርገውን ግን አያነብም፤ ያንን የሚያነበው ካርታ እስካሁን በብዛት የሚነሳው ከተራዎቹ ከረጢቶች ነው።